አንገቴን ለጥርስ ሰጠሁ፤ የሁለት ቀን ስልጠና ይመልስልኛል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሞላኝ። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ከአንዲት የሕመም ነጥብ ጋር ነው የኖርኩት። በቀኝ ትከሻዬና በአንገቴ መሀል ያለች፣ ሽምብራ የምታክል ነጥብ። ጠዋት ዝም ትላለች። ከምሳ በኋላ፣ በተለይ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ካለ፣ ትነሳለች። ማታ ልጄ እቀፊኝ ስትል በግራ እጄ ብቻ ነው የማነሳት።

ባለፈው ወር ሥራ ላይ ስለሚኖር የሰውነት አቀማመጥ የሁለት ቀን ስልጠና ተሰጠን። ኤርጎኖሚክስ የሚሉት ነው። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሐሜት የለኝም። ጭንቅላት ወደ ፊት ከ25 ዲግሪ በላይ አይዘንበል አለን። ወገብ ከ20 አይለፍ፣ ክርን ከጎን አይራቅ፣ እግር መሬት ላይ ሙሉ ለሙሉ ይረፍ። በዓይናችንና በታካሚው አፍ መሀል ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ጻፍን። ፎቶ ተነሳን። ሰርተፍኬትና የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ነጥብ ይዘን ወጣን።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ከአንኮበር በኩል የመጡ እናት ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ወንበሩን ወደ ኋላ ላስተኛ ስል እጄን ጨብጠው እምቢ አሉ። በቁም እያሉ በጀርባ የሚያንጋልላቸው ሰው እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ቁጭ እንዳሉ አፋቸውን ከፈቱ። የታመመው ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ነው። በቃ፣ አንገቴን ጠምዝዤ ከስር ገባሁ። የተማርኩት ዲግሪ ሁሉ እዚያው ቀረ። ነጥቧ ምሳ ሰዓት እንኳ አልጠበቀችም።

ጥያቄዬ አጭር ናት። ስልጠና ብቻውን አቀማመጣችሁን ቀይሮላችሁ ያውቃል? ከቀየረ፣ ምኑ ነው የቀየረው?

(በኋላ የተጨመረ፦ የውይይቱ ክር ረዝሞ ለማንበብ አስቸገረ ስላላችሁኝ፣ የመጡትን ምላሾች በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አላጠፋሁትም፤ ጨው ነው።)

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ከሸዋ ሮቢት የጻፈ ወንድም ነው። ሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ነበር፤ እግዜር ይስጠው። የእሱ ሕመም ወገቡ ላይ ነው። ተመሳሳይ ስልጠና ወስዶ ሁለት ሳምንት ያህል ቀጥ ብሎ እንደሠራ ተረከ። በሦስተኛው ሳምንት የገበያ ቀን መጣ፣ ወረፋው ኮሪደሩን ሞላው። ስንት ዲግሪ እንደጎበጠ ያን ቀን ማን ይቆጥራል ነው ያለው። እንዲያውም መጉበጡን ያወቀው ማታ ጫማውን ማውለቅ ሲያቅተው ነው።

ምላሽ 2

እኔም፣ ብሎ ብቻ አለፈ። ከሁሉም በላይ የተወደደችው ይቺ ነች።

ምላሽ 3

አስተማሪ ይመስላሉ፤ አጻጻፋቸው እንደዚያ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም የኔ ስንፍና እንዳልሆነ በመንገር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ የብዙ አገር ጥናቶችን አሰባስቦ ያየ አንድ ጽሑፍ ጠቀሱ። እንደዚያ ጽሑፍ የጡንቻና የአጥንት ሕመም አለብን የሚሉ የጥርስ ባለሙያዎች ቁጥር እንደየጥናቱ ከ64 እስከ 93 በመቶ ይደርሳል። በብዛት የሚጠቁት ጀርባና አንገት ናቸው።

ምክንያቱንም በቀላሉ አስረዱ። ከባድ ዕቃ አናነሳም። ችግራችን አለመንቀሳቀሳችን ነው። አንድ ጡንቻ ለግማሽ ሰዓት እንደተወጠረ ሲቆይ ደም እንደልቡ አይዘዋወርበትም። ይደክማል፣ ይቋጠራል። ያቺ ሽምብራ ያልኳት እሷ ነች።

ታሪክም ጨመሩ። የድሮ የጥርስ ሐኪም ቆሞ ነበር የሚሠራው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚተኛው ወንበር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙም ተቀመጠ። እግሩና የደም ሥሩ አረፉ፤ ጣጣው ወደ አንገትና ወገብ ወጣ። ወንበሩ የተሠራው ታካሚው እንዲተኛ ነው። ታካሚው ካልተኛ፣ እኛ በተቀመጥንበት የድሮውን ሐኪም ሥራ እየሠራን ነው ማለት ነው አሉ። ይቺ አነጋገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርታለች።

ምላሽ 4

ይሄኛው መልስ አልሰጠም፤ ጠየቀኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትቀመጪው? መጀመሪያ ስለ ሥራ ሰዓት መስሎኝ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሳቀብኝ።

ለካ የሚጠይቀው ስለ ሰዓት ፊት ነው። የማታውቁ ካላችሁ፦ የተኛውን ታካሚ ፊት እንደ ግድግዳ ሰዓት አስቡት። አናቱ 12 ነው፣ አገጩ 6። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሐኪም ከ9 እስከ 12 ባለው ቦታ ይዘዋወራል። ረዳቷ ከ2 እስከ 4 ባለው። አብዛኛው ሰው ግን 9 ላይ እንደ ችካል ተተክሎ ይውላል። ከ9 ሆኖ የማይታየውን ጥርስ ለማየት ወገቡን ያጣምማል፣ ቀኝ ትከሻውን ያነሳል። የጸሐፊው ግምት እኔም እዚያው ተተክያለሁ የሚል ነበር። ቀኝ ትከሻ ማለቴ አሳበቀብኝ አለ።

ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። እንዲያውም የባሰ ነገር አለ። የኔ ወንበር አናቱ ከግድግዳው ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። 11 እና 12 የሚባለው ቦታ በክፍሌ ውስጥ የለም። ልሂድ ብል እንኳ መግቢያ የለኝም። ለ11 ዓመት አላስተዋልኩትም።

ምላሽ 5 እስከ 8

እዚህ ጋ ነገሩ ጋለ። ምላሽ 5 ስልጠና ማለት አበልና ማኪያቶ ነው ብሎ ገባ። የሱ መቀመጫ ጋዙ ስላለቀ ቁጭ ሲሉበት ወደ ታች ይሰምጣል። የመብራቱ ክንድ ስለማይቆም በጎዝ ጠፍሮ አስሮታል። ይሄን ሁሉ ይዞ ስላይድ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ፈረንጅ ቢያሳዩኝ ምን ይረባኛል ነው ነገሩ። ምላሽ 6 ደግሞ የሚሠራበት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ሐኪሙ ግን ካፌ ውስጥ የምናውቃት ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ነገረን።

ምላሽ 7 የክሊኒክ ባለቤት ነው። ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ እንደሚመጣ፣ ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስመጥቶ የቀን አበሉን ከፍሎ፣ የጎደለችው አንዲት ጎማ መሆኗን ሲሰማ የተሰማውን አወራ። ሐኪሞቹም ንጹሕ አይደሉም አለ። ፔዳሉን በእርግጫ የሚመቱ፣ ወንበሩ ላይ ጃኬት የሚያደርቁ አሉ። ቴሌቪዥኑን ታካሚ ያየዋል፤ መቀመጫውን የሚያይ ታካሚ የለም ሲል ግን ራሱን አጋለጠ።

ምላሽ 8 ይህችን ብቻ ነጥሎ ያዘ። የሰውየው ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ሲታመም የሚቀርበትን ገቢ በጣት አስቆጠረው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልደግመውም። ሁለቱም በኋላ ይቅርታ ተባብለዋል።

ምላሽ 9

ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። የጻፈችው ሲስተር ናት። ስለ ሐኪም አንገት ስምንት ሰው ሲያወራ፣ ከጎኑ መምጠጫ ይዛ የምትቆመውን ነርስ አንድም ሰው አላነሳትም አለች። እሷም አፉ ውስጥ ማየት አለባት። ሐኪሙ ሲጎብጥ ጭንቅላቱ የሷን እይታ ይጋርዳል፤ ስለዚህ እሷ ከሱ የባሰ ትጣመማለች። አሠራሩ ረዳቷም እንድትቀመጥ፣ ያውም ከሐኪሙ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላ እንድትቀመጥ ነው። እሷ በሠራችባቸው ቦታዎች ሁሉ ለረዳት የተገዛ መቀመጫ አይታ አታውቅም።

ሌላም ጨመረች። አራት እጅ ሆኖ መሥራት ማለት ሐኪሙ ዓይኑን ከአፍ ሳያነሳ ዕቃው እጁ ላይ እንዲደርስለት ነው። ሐኪሙ ብቻ ሠልጥኖ ሲመጣና እሷ ሳትሠለጥን ስትቀር፣ እሱ ፒንሳ ለማንሳት እንደ ድሮው ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ትዳርን እንደ መማር ነው፤ አንዱ ብቻ ቢማረው ጉድ ይፈላል አለች። (ስለ ትዳሩ ሌላ ክር ይከፈትልን ያሉ ነበሩ።)

የኛን ስልጠና አስታወስኩ። ከተጋበዘው ሰው ውስጥ አንድም ነርስ አልነበረም። የኔዋ ረዳት ያን ሁለት ቀን ዕቃ ስትቀቅል ነበር።

ምላሽ 10

ቁጣ ነው። የጤፍ ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስለምታርም እናቱ ጻፈ። ውኃ ስለሚሸከሙ እህቶቹ ጻፈ። እናንተ ተቀምጣችሁ፣ ደሞዝ እየተከፈላችሁ፣ ስለ 25 ዲግሪ ታለቅሳላችሁ ነው ያለው። ከፊሉ ፍትሐዊ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ጥርሱን ያመመው ሰው ዓይነት ነበር።

ምላሽ 11 እስከ 14

እዚህ ክሩ ከመንገድ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ጥሩ ወጣ።

ምላሽ 11 በእርጋታ መለሰለት። የአንዱ ሕመም የሌላውን አያስክድም፤ የእናትህም ወገብ ሐኪም ይፈልጋል አለው። ቀጥሎ ስለ ሸማኔ አነሳ። አያቱ ሸማኔ ነበሩ። ሸማኔ ጎንበስ ብሎ አይሠራም። መሬቱን ቆፍሮ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ያወርዳል፤ ሥራው ከሆዱ ፊት ለፊት ይመጣለታል። ክርኑ ከጎኑ አይርቅም። ጉልበቱ ከዳሌው ዝቅ ይላል። ስልጠናው ላይ በስላይድ ያሳዩን ነገር ማለት ነው።

ምላሽ 12 ዲያቆን ነው፤ መቋሚያን ጨመረ። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው መደገፊያ እንደሚያስፈልገው ከማንም በፊት የገባቸው የኛ አባቶች ናቸው አለ። ብብት ስር ሲገባ ክብደቱን ከወገብ ላይ ያነሳል። ምላሽ 13 ቁመቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ መቋሚያ ለአጭር ሰው ትከሻ እንደሚያነሳ ከራሱ ልምድ አወራ። ሳቅን፣ ግን የመቀመጫና የሉፕ (የሐኪም ማጉያ መነጽር) ነገርም ይኸው ነው።

ምላሽ 14 ስለ ብርድ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትከሻችን ጆሮአችን ድረስ ወጥቶ ነው ሥራ የምንጀምረው። የበረደው ጡንቻ ቶሎ ይያዛል። ጸሐፊው ትከሻው ላይ የመንዝ ባና ጣል አድርጎ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እጁንና ትከሻውን ያፍታታል። ከዚያ በኋላ ባና የት ይገኛል፣ ስንት ገባ፣ የመንዝ በግ ጸጉር ነው ወይስ የተቀላቀለ የሚሉ ጥያቄዎች ጎረፉ። ስለ አረቄ የተነሳውን አጥፍቼዋለሁ።

ምላሽ 15

ከመሀል ሜዳ የመጣ ነው። እኔ እንደ ወርቅ የያዝኩት ይሄን ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ጸሐፊው የጀመረው ጥያቄዬን በማረም ነው። የኔን አቀማመጥ ትቼ የታካሚውን አቀማመጥ ልጠይቅ አለኝ። ዓይን ማየት ያለበትን ካላየ አንገት ይከተለዋል። ሰውን ቀጥ በል ብትዪው ለአንድ ደቂቃ ቀጥ ይላል፤ ጥርሱ ካልታየው ተመልሶ ይጎብጣል። ስለዚህ ጥርሱን ወደ ዓይንሽ አምጪው።

እንዴት? መጀመሪያ የታካሚው አናት የመደገፊያው ጫፍ ላይ ይድረስ። አብዛኛው ሰው ወርዶ ነው የሚተኛው፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ከወረደ ያችን አሥር ሳንቲ ሜትር የሚከፍላት ያንቺ ወገብ ነው። ለላይኛው መንጋጋ ሙሉ ለሙሉ ይተኛ፣ አገጩ ወደ ላይ ቀና ይበል። ለታችኛው ጀርባው ትንሽ ይነሳ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ይውረድ፣ አፉ ሲከፈት የታችኛው ጥርስ ረድፍ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። ጭንቅላቱን ወደ አንቺ አዙር፣ ወደዚያ አዙር በይው። አንገቱ የሱ ነው፣ ለአሥር ደቂቃ ያዞረዋል። አንቺ ግን ዕድሜ ልክሽን ነው። መብራቱም በእይታሽ መስመር ይምጣ፤ ከጎን ከመጣ የራስሽ እጅ ጥላ ይጥልና ጥላውን ስታመልጪ ትጎብጫለሽ።

አልተኛም ስለሚሉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ የሚያደርገውን ነገረን። ወንበሩን ድንገት አይጥለውም። ሞተሩ ሲጮህ ሰው ይደነግጣል። ቀድሞ ይናገራል፣ ሩብ ያህል ያወርዳል፣ ይቆማል፣ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ እንደገና ያወርዳል። የጎበጡ አዛውንት ከሆኑ የራሳቸውን ጋቢ አጣጥፎ አንገታቸው ስር ያደርጋል፤ ሌላ ጉልበታቸው ስር። የራሳቸው ልብስ ስለሆነ ይተማመኑበታል። ጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በወረፋ ቀን ሦስት ደቂቃ ውድ እንደሆነች ያውቃል፤ ግን ጎብጦ የሚያጠፋውን ጊዜ ሲቆጥረው ይበልጥበታል።

ምላሽ 16

በትሕትና የቀረበ እርማት። ምላሽ 15 ላይ ሁሉንም አስተኛ የተባለው ለነፍሰ ጡር አይሠራም። በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ ጥፍጥፍ ብላ ስትተኛ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ግፊቷ ይወርዳል፣ ራሷን ልትስት ትችላለች። በቀኝ ዳሌዋ ስር ትራስ አድርጎ ወደ ግራ ማዘንበል ነው። የልብ ድካም ያለበት፣ ተኝቶ የሚያፍነው ሰውም አይተኛም። የመሀል ሜዳው ወዲያው አመሰገነ። እንዲህ ዓይነት ሰው ይብዛልን።

ምላሽ 17 እስከ 19

ምላሽ 17 ቀዝቃዛ ውኃ ደፋብን። ኮክራን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ ነበር። መስፈርቱን ያሟሉ ያገኘው ሁለት ጥናቶችን ብቻ ነው፣ በድምሩ 212 ሰዎች። ስልጠናና ሌላም የተደራረበበት አሠራር ሕመሙን ይቀንሳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ወሬ ነው ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 18 ጠጣር ነበር። አልተረጋገጠም እና አይሠራም የሚሉትን ቃላት መለየት ያቃተው ሰው ማስረጃ ባይጠቅስ ይሻላል አለው። ሁለት ጥናት ብቻ ተገኘ ማለት ማንም በቅጡ አላጠናውም ማለት ነው። እኔም የዚህ ወገን ነኝ፣ ግን ሰውየውን እንዲያ መዝለፍ አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 19 ላይ ምላሽ 3ን የጻፉት ተመለሱ፤ ሁለቱንም አበረዱ። ስለ ስልጠና የሚወጡ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚለኩት አቀማመጥን እንጂ ሕመምን አይደለም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሩላ የሚባል የነጥብ ሰሌዳ አለ፤ አንገትህ ስንት፣ ክንድህ ስንት እያለ ይደምራል። ተማሪ ሠልጥኖ በሳምንቱ ሲታይ ነጥቡ ሊሻሻል ይችላል። እያዩት እንደሆነ ያውቃላ! በዓመቱ ወገቡን ያመዋል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የኔም መነሻ ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ባልወደውም።

ምላሽ 20 እና 21

አንዱ ያቺን የምታውቋትን ሥዕል ለጠፈ። አንገት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ 27 ኪሎ ይሸከማል የምትለዋን። ቀጣዩ አረመው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በኮምፒውተር ሞዴል ያሰላው ነው እንጂ የሰው አንገት ላይ ሚዛን አስሮ የተለካ አይደለም። ጭንቅላት ራሱ አምስት ኪሎ ገደማ ነው። በጎበጥክ ቁጥር ጫናው ይጨምራል የሚለው ግን ልክ ነው። ለጣፊው ሥዕሉን አላነሳም፤ ያስፈራልና ይቆይ አለ።

ምላሽ 22

ሉፕ ገዝቶ የከሰረ ሰው ነው። ማጉያ መነጽር ቀጥ ያደርጋል ሲባል ሰምቶ ከሰው እጅ ሁለት ነጥብ አምስት እጥፍ የሚያጎላ ገዛ። የቀድሞው ባለቤት ረጅም ነበር። የማያ ርቀቱ ለእሱ ቁመት ስለተሠራ፣ የኛ ሰው ጥርሱ ጥርት እንዲልለት ወደ ኋላ እየተለጠጠ ይሠራ ጀመር። የመነጽሩ ወደ ታች የማየት ማዕዘንም ትንሽ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ጭንቅላቱን ደፋ። አንገቱ ከበፊቱ ባሰ። ሸጠው። ምክሩ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ከዓይናችሁ እስከ ታካሚው አፍ በሜትር አስለኩ። ከዚያ ሻጩን ስለ ማዕዘኑ ጠይቁት። ካላወቀ ሂዱ።

ምላሽ 23

የወገብ ቀበቶ ማስታወቂያ። አጥፍቼዋለሁ።

ምላሽ 24

ግራኝ የሆነ ሐኪም። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለቀኝ እጆች ነው፤ የኔ ሰዓት ከ12 እስከ 3 ነው፣ ዕቃው ሁሉ ግን በተቃራኒ ወገን ነው የተተከለው አለ። ስልጠና ላይ ሲጠይቅ አሠልጣኙ በቀኝህ ብትለምድስ እንዳለው ጽፎ ሦስት ነጥብ አስቀመጠ።

ምላሽ 25 እና 26

አንዲት እናት ወጌሻ መከረችኝ። ደብረ ሲና ያሉ አንድ ሰው አንገት በእጃቸው ጠምዝዘው ያስተካክላሉ፣ ቋ ሲል ይድናል አለች። በደግነት ነው። ምላሽ 26 ግን ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ቋ እንዳይል ለመነኝ። እጅ ድረስ የሚወርድ መደንዘዝ ካለ፣ ዕቃ ከጣት የሚያመልጥ ከሆነ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ማሻሸቱ ይቅርና ሐኪም ጋ ይኬድ።

ለቀረነው የሰጠው ምክር ደግሞ እስካሁን የማደርገው ነው። ማደንዘዣ ከወጋችሁ በኋላ እስኪይዝ የምትጠብቋቸው ደቂቃዎች አሉ። እነሱን ስልክ ላይ አትጨርሷቸው፤ ስልኩም ያው መጎንበስ ነው። ተነሱ። አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ የትከሻችሁን አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርቡ፣ በመስኮት ሩቅ እዩ። ለዚህ ተጨማሪ ጊዜ አያስፈልግም። ጊዜው ድሮም ነበር።

ምላሽ 27

ታካሚ ነው። ጥርሱን ሲነቀል የሐኪሙ ላብ ግንባሩ ላይ ጠብ እንዳለበት፣ ያኔ ሰውየው እየታገለ ያለው ከጥርሱ ጋር ይሁን ከወገቡ ጋር እንዳልለየለት ጻፈ። አሁን እንደገባው ነገረን።

ምላሽ 28

ከእነዋሪ። ይቺ ልጅ ስልጠና አልወሰደችም። ያደረገችው አንድ ነገር ነው። ረዳቷን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሳትነግራት ከጎን በስልክ ፎቶ እንድታነሳት ጠየቀቻት። ታካሚው ሳይታይ፣ እሷ ብቻ። የመጀመሪያውን ፎቶ ስታይ አክስቷ የመሰለቻት ሰው ራሷ ነበረች። በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ታርማለች፤ አንዴ የመቀመጫ ከፍታ፣ አንዴ የፔዳሉን ቦታ። ፔዳሉ ርቆ ስለነበር ለካ ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ዳሌዋ ነው የተቀመጠችው።

ምላሽ 29 እና 30 ስለ ባና ናቸው።

ምላሽ 31 (የኔ)

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንበሬን ከግድግዳው አራቅሁት። ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አልነበረም፤ የውኃና የአየር ቱቦው ስለማይደርስ የኮምፕረሰር ሠራተኛ መጥቶ አስረዘመው፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ጎተቱ። 60 ሳንቲ ሜትር አገኘሁ። አሁን 11 እና 12 የሚባል ቦታ አለኝ። ለሲስተር መቀመጫ ጠይቄያለሁ፤ ደብዳቤው ፋይል ላይ ነው። እስከዚያው የምዝገባ ክፍሉን ከፍ ያለ ወንበር ተውሳለች፣ እነሱም በቀን ሁለቴ እየመጡ ይጠይቋታል።

ነጥቧ አለች። ግን አሁን የምትነሳው አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ምሳ እንዳለቀ መነሳቷ ቀርቷል። ከስልጠናው ይሁን፣ ከግድግዳው ይሁን፣ ከምላሽ 15 ይሁን፣ አላውቅም። ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ነው የሆነው።

የአንኮበሯ እናት ባለፈው ሐሙስ በሌላኛው ጥርስ ተመልሰው መጡ። ሩብ አወረድኩ፣ ስለ ገብሱ ጠየቅሁ፣ ሩብ አወረድኩ። ጋቢያቸውን አጣጥፌ አንገታቸው ስር አደረግሁ። ተኙ። እኔ 12 ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የላይኛው መንጋጋ ወለል ብሎ ታየኝ። ጨርሼ ሳነሳቸው ቅር ብሏቸዋል። ባለፈው ጊዜ ጎንበስ ብዬ፣ እጅ ነስቼ፣ እንደ ልጅ እንዳከምኳቸው፣ ዛሬ ግን ምን አስቀይመውኝ ርቄ እንደተቀመጥኩ ጠየቁኝ። ከነገሩ ሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። ጫማቸውን ላስርላቸው ጎንበስ አልኩ።

ምላሽ 32

የመሀል ሜዳው ነው። ለጫማው ስትጎነበሺ በጉልበትሽ ነው ወይስ በወገብሽ ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም።

ምላሽ 33

ባናውን እስካሁን አላገኙትም።